ትርንጎ ትጫን

ሐምሌ ዘጠኝ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ልክ አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የትርንጎ እግር ተሰበረ። ሰዓቱን አልተሳሳትኩም። የሥራ ቤቱ ደወል ሩቡን ሲመታ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ሳጥኑም የወደቀው ከደወሉ ጋር ነው።

እኔ ይርገዱ እባላለሁ፤ ሥራዬ ማልቀስ ነው። ያስተማረኝ የለም። ልጅ ሳለሁ በየለቅሶው አጥር ሥር ተቀምጬ ሙሾውን አዳመጥኩ፤ ቤት ገብቼ በሞተች ዶሮ ላይ ሞከርኩት፤ ጎረቤት ተሰብስቦ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሙያዬን ተጠራጥሬ አላውቅም። ፊደልም በራሴ ነው የቆጠርኩት። ስለዚህ እዚህ የጻፍኩት ያየሁትን ነው፤ ማስጌጥ አልተማርኩም።

በአገራችን አንድ ታላቅ የሥራ ቤት አለ። ሁለት መቶ አርባ በቅሎዎች አሉት። ደብዳቤ አዳዩ፣ ጉድጓድ ቆፋሪው፣ መሬት ለኪዋ፣ አልቃሿ፣ ሁላችንም አንድ አንድ በቅሎ ይሰጠናል። በቅሎዋ የቤቱ ናት፤ ድካሙ የእኛ ነው። በፊት ሁሉም በበቅሎው ላይ የፈለገውን ይጭን ነበር። እኔ ከበሮዬን፣ ጥቁር ልብሴንና ለጉሮሮዬ የሚሆን ማር እጭን ነበር። ጉድጓድ ቆፋሪው ከዶማው ሌላ ወንበር ይጭን ነበር፤ አንዱ ደብዳቤ አዳይ ደግሞ ድመቱን። የጠየቀን አልነበረም።

ከዚያ የቃጭሉ ነገር መጣ። አንድ መንገደኛ ነጋዴ ለበቅሎ አንገት የሚሆን ቃጭል በነጻ አደለ። ድምፁ ያምራል፤ በቅሎም ያፈጥናል ተባለ። እኔም አንጠለጠልኩ፤ አልክድም። ቃጭሉ ግን የወንበዴ ሥራ ኖሯል። እያንዳንዱ ለየት ያለ ድምፅ ስለነበረው ወንበዴው ጫካ ውስጥ ጋደም ብሎ የትኛዋ በቅሎ በየት በኩል እንደምታልፍ በጆሮው ብቻ ያውቅ ነበር። በአንድ ወር ሠላሳ አንድ በቅሎዎች ከነጭነታቸው ጠፉ። ስለዚህ ጭነትን የሚቆጣጠር ሹም ይሾምልን ሲባል መጀመሪያ እጇን ያወጣችው እኔ ነኝ። ዛሬም ቢጠይቁኝ አወጣለሁ።

የተሾሙት አቶ ወንድይራድ ናቸው። ጨዋ ሰው ናቸው። ሰው ሲናገር አያቋርጡም፤ ከጨረሰም በኋላ ቶሎ አይመልሱም። በመጀመሪያው ወር ዝርዝር አወጡ፤ ስልሳ ሦስት ዕቃ። በዝርዝሩ ላይ ያለ ይጫናል፤ የሌለ አይጫንም። ማር አለ፣ ድመት የለም። ይህ ልክ ነበር። ቀጥሎ በየበቅሎው ጠፍር ላይ ቁልፍ ተደረገ፤ መክፈቻውም ለጫኞች ብቻ ተሰጠ። ጫኝ ማለት ሹሙ የመረጡት፣ ዕቃ የሚጭንና የሚያወርድ ሰው ነው። እንግዲህ ማንኛችንም በገዛ እጃችን ጠፍር ማላላት ቀረ። ለአራት በቅሎ አንድ ጫኝ ነው፤ ከተማ ለቅቆ የሚወጣ ጭነት ያለ ጫኝ አይሄድም፤ አንዷ ስትወጣ ሦስቱ በረት ውስጥ ይቀመጣሉ። በዚህ ምክንያት የበቅሎዎቹ ጤና እጅግ ተሻሻለ።

በዝርዝሩ ላይ ያለውን ዕቃ ለመጫንም ቢሆን ሠራተኛው የፈቃድ ወረቀት ያስፈልገዋል። ወረቀቱ አጭር ነው፤ አቶ ወንድይራድ ቃል ማባከን አይወዱም። የእኔው «ይርገዱ ትጫን» ይላል፤ ከሥሩ ማኅተም አለ። ሌላ ነገር የለበትም። ሁላችንም ጉያችን ውስጥ ሸጉጠነው እንዞር ነበር።

በሦስተኛው ወር ከበሮ ከዝርዝሩ ወጣ። ምክንያቱ አልተነገረንም። ምክንያት ከተነገረ ወንበዴም ይሰማል። እኔ ያን ዕለት የአንድ ባለጸጋ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ሙሾው ሲጋጋል የእኛ ጫኝ ጉልላት ሰውን እየገፋ ገባና፣

«እትዬ ይርገዱ፣ ይቅርታ፤ ከበሮው ወርዷል» አለኝ።

«የት ወርዷል? ይኸው እጄ ላይ!»

«ከዝርዝሩ» አለና ተቀብሎኝ ሄደ።

ለቀስተኛው የከበሮውን ሐዘን ጨምሮ በእጥፍ አለቀሰ። ጉልላት ክፉ ሰው አይደለም። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ከበሮውን አቅፎ ሲወጣ እሱም ያለቅስ ነበር።

በአራተኛው ወር ሳጥኑ መጣ። በእያንዳንዷ በቅሎ ግራ ጎን ላይ አንድ ዓይነት የብረት ሳጥን ተጫነ። እኛ አልጠየቅነውም፤ ማውረድም አንችልም። ውስጡ ምን እንዳለ ብንጠይቅ፣ «ለእናንተው ጥበቃ ነው» አሉን አቶ ወንድይራድ። ሳጥኑ ከባድ ስለሆነ በቅሎዎቹ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብሉ ጀመር። ሚዛን እንዲጠብቅ በቀኝ በኩል ድንጋይ እንጫን ብለን አመለከትን። ድንጋይ በዝርዝሩ ላይ የለም ተባልን። ደግሞም በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በቅሎዋ የትም ትሁን የት፣ ጫኙ ጠፍሩን ሁሉ ፈትቶ እንደገና ማሰር ግዴታው ሆነ። ወንዝ መሃል ላይ ስድስት ሰዓት የሆነባት በቅሎ ነበረች። የሆነውን አልዘረዝርም።

ትርንጎ መሬት ለኪ ነበረች። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነበረች፤ የቤታችን ግድግዳ አንድ ነው። ሁለት ሰዎች በድንበር ሲጣሉ ገመዷን ይዛ መሃል ትቆምና ሁለቱንም እኩል ትሰድባለች፤ እነሱም በእሷ ላይ ሲተባበሩ ይታረቃሉ። እኔ ለሙታን የማለቅሰውን ያህል እሷ ለሕያዋን ትጮህላቸዋለች እላት ነበር።

ሐምሌ ዘጠኝ ቀን ጉልላት ሳጥኑን አንሥቶ በበቅሎዋ ላይ አደረገ፤ ጠፍሩን ግን ገና አልቆለፈም። በቅሎዋ እንደ ልማዷ ወደ ግራ አዘነበለች። ሳጥኑ ተንሸራትቶ ትርንጎን ከጉልበቷ ሥር መታት። አጥንቷ ቆዳዋን ቀዶ ወጣ። ሳጥኑ ምንም አልሆነም።

በከተማችን እንዲህ ያለውን ስብራት የሚያውቅ ሰው የለም። ወጌሻው ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ የሁለት ቀን ተኩል መንገድ። ሦስት ቀን ያለፈው እንዲህ ያለ ቁስል ይጠቁራል። እግሩ ከጠቆረ በኋላ የዳነ ሰው አላየሁም፤ ለሞቱት ያለቀስኩት እኔ ስለሆንኩ ቁጥራቸውን አውቃለሁ፤ አሥራ አንድ ናቸው። በሰው ትከሻ በቃሬዛ እንዳትሄድ ገደሉ ላይ ያለው መንገድ ለአንድ በቅሎ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ጎን ለጎን ተሸካሚ አያሳልፍም። በቅሎ ያስፈልጋል፤ በከተማው ያሉት ደግሞ የሥራ ቤቱ ብቻ ናቸው።

ወደ አቶ ወንድይራድ ሄድኩ።

«ጌታዬ፣ ትርንጎ እግሯ ተሰብሯል። በበቅሎዋ ወደ ወጌሻው ልውሰዳት።»

«አዝናለሁ፣ ወይዘሮ ይርገዱ። በጣም አዝናለሁ።» ብዕራቸውን አስቀመጡ። «መቀመጥ ትችላለች?»

«አትችልም። ተኝታ ነው የምትሄደው።»

«እንግዲያው ተቀማጭ አይደለችም። ተቀማጭ ያልሆነ ነገር በበቅሎ ላይ ከወጣ ጭነት ነው። ጭነት ከሆነ ደግሞ በዝርዝሩ ላይ መኖር አለበት።» ዝርዝሩን አውጥተው ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ወረዱ። «ሰው የሚል የለም። ሕመምተኛ የሚልም የለም።»

«ይጨመራ!»

«ይጨመራል እንጂ! አዲስ ዕቃ ለማስጨመር ማመልከቻ አለ። ይመረመራል፤ ዕቃው በሌሎች ዕቃዎች ላይ ጉዳት እንደማያደርስ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ይፈቀዳል። አርባ ቀን ነው።»

«ጌታዬ፣ አርባ ቀንማ ተዝካሯ ነው።»

አቶ ወንድይራድ አልተቆጡም። «ለአንድ ሰው ብዬ በር ከከፈትኩ» አሉኝ፣ «ነገ በዚያው በር ቃጭል ይገባል። እጅዎን ሲያወጡ አይቻለሁ እኮ፣ ወይዘሮ ይርገዱ።»

እውነት ነው፤ አውጥቻለሁ። ተመለስኩ።

ትርንጎ በግቢው ውስጥ ቁርበት ላይ ተጋድማለች፤ ጉልላት አጠገቧ ቁጭ ብሎ በነጠላ ያራግብላታል። ፊቷ አመድ መስሏል። ስመጣ አየችኝና፣

«አንቺ ሴት፣ ጉሮሮሽን እየጠረግሽ አትምጪብኝ፤ ገና ነኝ» አለችኝ።

«አርባ ቀን አሉ።»

«ቀብሬን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር?»

ጉልላት አንገቱን ደፋ። «እትዬ ትርንጎ፣ መክፈቻው እኔ ዘንድ ነው፤ በቅሎዋም ይህቻት። ግን ያለ ወረቀት ብጭንሽ ነገ ከሥራ ያወጡኛል፤ የወንዙ መሻገሪያ ጠባቂም አያሳልፈንም።»

ትርንጎ በቅሎዋን አየቻት። ሕመሙ መጥቶባት ከንፈሯን ነከሰች፤ ሲያልፍላት እጇን ወደ ጉያዋ ሰዳ ወረቀቷን አወጣች። ላብ ቢያረጥበውም ይነበባል።

«ጉልላት፣ እስኪ አንብብልኝ።»

«ትርንጎ ትጫን» አለ ጉልላት።

«ምን ማለት ነው?»

«ትርንጎ ዕቃዋን ትጫን፤ ገመዷን፣ ችካሏን ትጫን ማለት ነዋ።»

«ላላ አድርገህ ስላነበብከው ነው። አሁን ጠበቅ አድርገህ አንብበው።»

ጉልላት ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። እኔም ገባኝ። በጽሑፍ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በአፍ ነው። «ጫ» ላልታ ስትነበብ ትርንጎ ጫኝ ናት፤ ጠብቃ ስትነበብ ትርንጎ ጭነት ናት። ሃያ ጊዜ ያየሁት ወረቀት ነው፤ አንድም ቀን አጥብቄ አላነበብኩትም።

«ሹሙ ግን ያሰቡት እንደዚያ አይደለም» አለ ጉልላት።

«ገመዴ በሦስት ክንድ ረዘመ ብለህ ያስወረድከኝ ጊዜ ምን አልከኝ? ‹የታሰበው አይጠየቅም፤ የተጻፈው ነው የሚፈጸመው› አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲህ ፈጽም!»

ጉልላት ተነሣ። መክፈቻውን ከአንገቱ አወለቀ። «እኔ እንግዲህ ጫኝ ነኝ» አለ ለራሱ፤ «ጠበቅ ማድረግ ሥራዬ ነው።»

ሳጥኑን በግራ፣ ትርንጎን በቃሬዛ ወደ ቀኝ አድርገን ጫንን። ባትወደውም እውነቱን ልጻፍ፤ ክብደታቸው እኩል ነበር። በቅሎዋ ከሳጥኑ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ ቆመች።

በሩ ላይ አቶ ወንድይራድ አገኙን። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ማኅተሙ የእኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን እኔ የጻፍኩት ላልቶ ነበር።»

«ጌታዬ፣ መላላቱ የት ላይ ተጽፏል?» አልኳቸው።

ወረቀቱን አዙረው ጀርባውን አዩ። እዚያም የለም። ወደ ትርንጎ እግር አልተመለከቱም፤ ወደ በቅሎዋ ተመለከቱ፤ ቀጥ ብላ መቆሟን ያስተዋሉ መሰለኝ። ከዚያም ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና፣

«ከዛሬ ጀምሮ በሚጠብቀው ላይ ነጥብ እንዲደረግ አዝዛለሁ» አሉ። «ይህ ግን ነጥብ ከመታዘዙ በፊት የተጻፈ ነው። እለፉ።»

የመጀመሪያውን ቀን ትርንጎ ጉልላትን ስትሰድብ ዋለች፤ እሱም ስድቡ እንዳይቋረጥ ጥያቄ እየጠየቀ ያቆያት ነበር። ሌሊትም ሳናርፍ እንጓዝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ጉልላት ጠፍሩን ፈትቶ እስኪያስር ቃሬዛውን እኔ ደገፍኩ፤ ስድቡም እየቀነሰ መጣ። እኔ ፈራሁ። ሙያዬ ስለሆነ ሞት ሲቀርብ ድምፅ እንዴት እንደሚቀጥን አውቃለሁ። አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ጋ ደረስን። ውሃው የበቅሎ ሆድ ነክቷል፤ እየጨመረም ነው። የመሻገሪያው ጠባቂ ዝርዝሩን ዘርግቶ ወረቀታችንን አየ።

«ትርንጎ?» አለ። «ፍሬ ነው እኮ። ከፍሬ ወገን የተፈቀደው ሎሚ ብቻ ነው።»

«ማኅተሙን እየው» አለው ጉልላት።

ማኅተሙን አየ። ቃሬዛውን ገለጥ አደረገ። ትርንጎ ዓይኗን ገልጣ፣

«ምን ትገላልጠኛለህ? ልትገዛኝ ነው?» አለችው። «በስያለሁ፤ ካልቸኮልክ እበሰብሳለሁ።»

ጠባቂው ወደ ኋላ አለና በመዝገቡ ላይ ጻፈ፤ «ትርንጎ፣ አንድ፣ የበሰለ።» አሳለፈን። ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ ወንዙ ከኋላችን ሲያጓራ ሰማን፤ መሻገሪያው ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ቀን ተዘጋ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወጌሻው ግቢ ገባን። ሽማግሌ ነው፤ እግሯን አይቶ፣ አሽትቶ፣ «ገና አልጠቆረም፤ ግን ዛሬውኑ ነው። አውርዷት» አለ።

ጉልላት ወደ ጠፍሩ ሄደ፤ እጁን ግን ከቁልፉ መለሰ።

«እትዬ ይርገዱ፣ ወረቀቱ ትጫን ይላል እንጂ ትውረድ አይልም። ያለ ትውረድ ወረቀት ያወረደ ጫኝ ዕቃ እንደሸሸገ ይቆጠራል። ወረቀቱን እንዳላመጣ ደግሞ ወንዙ ሞልቷል።»

«ጉልላት!»

«አውቃለሁ፤ አትጩኺብኝ! እያሰብኩ ነው!» ጮኸ። በሕይወቱ እንዲያ ሲጮህ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

ወጌሻው ሁለታችንንም አየና እንደማንረባ ተረዳ። በርጩማ አስመጣ። በርጩማው ላይ ወጥቶ ትርንጎን በቅሎዋ ጀርባ ላይ እንደተኛች አጥንቷን መመለስ ጀመረ። እኔ ጭንቅላቷን ያዝኩ፤ ጉልላት የበቅሎዋን። ትርንጎ ወጌሻውን፣ የወጌሻውን አባት፣ አቶ ወንድይራድን፣ ፊደል የፈጠረውን ሰው ሳይቀር ሰደበች። ድምፅዋ እንደገና ወፍሮ ስሰማ ነው የዳነችው ብዬ ያመንኩት። በቅሎዋ ቆመች፤ የሚያንቀሳቅሳት ትንፋሿ ብቻ ነበር። በዚያ ትንፋሽ ምክንያት አጥንቱ ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የገጠመው።

ወጌሻው ቀርከሃውን አስሮ ሲጨርስ ጉልላት ወደ ፀሐይ ቀና ብሎ ተመለከተ። ፊቱ በራ።

«ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው» አለ። «ጠፍሩን ፈትቼ እንደገና ማሰር ግዴታዬ ነው። በዚያ መሃል ጭነት ቢንሸራተት ወደቀ ይባላል እንጂ ወረደ አይባልም። ለወደቀ ጭነት ወረቀት አያስፈልግም፤ ለጫኙ ወቀሳ ብቻ ነው።»

ስድስት የመንደር ሰዎች ጋቢ ዘርግተው ያዙ። ጉልላት ጠፍሩን ከፈተ። ትርንጎ እጅግ በዝግታ ወደቀች።

ከመስከረም አጋማሽ በኋላ በምርኩዝ እየሄደች ተመለሰች። አቶ ወንድይራድ ግን አንድ ችግር ገጥሟቸው ነበር። የመሻገሪያው መዝገብ ደርሷቸው፣ በዝርዝሩ ላይ የሌለ ጭነት በእሳቸው ማኅተም ማለፉን አዩ። በማኅተማቸው የወጣ ነገር ከዝርዝሩ ውጭ ሊሆን አይችልም፤ ማኅተማቸውም አይሳሳትም። ሦስት ቀን አስበው ዝርዝሩን አስተካከሉ። በወጣው ከበሮ ቦታ ስልሳ ሦስተኛው ዕቃ «ትርንጎ» ሆነ። ነጥቡን በተመለከተ ከቃሉ በላይ ይሁን ከጎኑ የሚወስን ጉባኤ ተቋቁሟል፤ አልጨረሰም። ጉልላት ጭነት በመጣሉ ተወቀሰ፤ ወቀሳውን ጽፈው ሰጡት፤ እሱም ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አንዱ ጉድጓድ ቆፋሪ ወገቡን ተሰበረ። ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ሰው ነው። «ትርንጎ፣ አንድ» ተብሎ ተጫነ። ትርንጎ ሰምታ በምርኩዟ መሬቱን እየደበደበች ሳቀች፤ «ከእኔ እኩል ነው የሚመዝነው?» ብላም ጠየቀች። ከዚያ በኋላ የሚሄደውን ሁሉ በር ድረስ እየሸኘች «ስሜን እንዳታሰድብ» ትለው ነበር።

ከስብራቷ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች፤ ገመዷን ይዛ፣ ከበፊቱ በተመረረ ምላስ። የሞተችው ባለፈው የካቲት በሆድ ሕመም ነው፤ ወጌሻ የሚያድነው አልነበረም። እኔ ነኝ ያለቀስኩላት። ለሰው ሙሾ ሳወርድ ብዙ እጨምራለሁ፤ ለእሷ ግን የጨመርኩት የለም፦

ሲጭን የኖረ ሰው ሲሞት ይራገፋል፣
ትርንጎን ያየ ሰው ተጭኖ ይተርፋል።

ባለፈው ክረምት አሥራ ሰባት ትርንጎዎች ወንዙን ተሻግረዋል። አሥራ አራቱ በእግራቸው ተመልሰዋል።